ብርዝና የማይጠጣው እንግዳ

“መበረዝ” የሚለው ቃል ዛሬ ስሙ ጠፍቷል። “ባህላችን ተበረዘ”፣ “ቋንቋችን ተበረዘ” ስንል እሮሮ ነው። ጓዳ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማር በውሃ ሲበረዝ ብርዝ ይሆናል፤ ብርዝ ደግሞ የማያሰክር የክብር መጠጥ ነው። እስቲ ዛሬ ስለዚህ መጠጥና ስለሚጠጣው እንግዳ ጥቂት እናውጋ። ወጋችንን የምንጀምረው ማሩ ከሚጫንበት ከአገው ምድር ነው።

ዛሬ እንጅባራንና ዳንግላን ይዞ የአዊ ዞን የሚባለው አገርና አካባቢው ለጎንደር ነገሥታት ጓዳቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ግሽ ዓባይ የተጓዘው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ፣ ጎንደር ለከብቱም፣ ለማሩም፣ ለቅቤውም፣ ለስንዴውም፣ ለሰሙም በአገዎች ላይ የተደገፈች መሆኗን ጽፏል። ሺህም ሺህ አምስት መቶም እየሆኑ፣ ተራ በተራ ጭነታቸውን ይዘው ወደ ከተማዋ ይገቡ ነበር ይላል። ታዲያ መኳንንቱ በብርሌ የሚያነሡት ጠጅ ከአገው ገበሬ ቀፎ የመጣ ማር ነበረበት ማለት ነው።

ይኸው ብሩስ ከዓባይ ምንጭ ሲደርስ ደስታውን የገለጸው ግን በጠጅ አልነበረም። በኮኮናት ቅርፊት ከምንጩ ውሃ ቀዳና ለንጉሡ ለጊዮርጊስ 3ኛ ጤና ጠጣ። ማር በሞላበት አገር ቆሞ ጽዋውን በውሃ አነሣ። የጽዋ ክብር በሚያሰክር ነገር ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

በእኛ ቤት ግን መጠጥ ማዕረግ ነበረው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 ጀምሮ በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን በቆየባቸው ዓመታት፣ ከቤተ መንግሥት ለእንግዶች ጠጅ በጋን ይላክ እንደነበር መዝግቧል። ከዚያም በኋላ በየግብሩ ጠጁ ለላይኛው ወንበር፣ ጠላው ለታችኛው ነበር። ተራው ሰው እንደልቡ ጠጅ የማይጥልበት ዘመንም አልፏል። ማሩን ያመረተው ገበሬ ጠጁን የሚያየው ከሩቅ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የማዕረግ ሰልፍ ውጪ የቆመው ብርዝ ነው። ለሙስሊሙ ጎረቤት፣ ለነፍሰ ጡሯ፣ ለልጆቹ፣ መጠጥ ለተወው ሰው የሚቀርበው ብርዝ ከጠጁ ጋር ከአንድ ማር የወጣ ነው። የሚለያቸው ጌሾና ጊዜ ብቻ ነው። በዚያው ብርሌ ተቀድቶ፣ በዚያው እጅ ይቀርባል። ከሩቅ ላየው ሰው ማን እንደሚጠጣና ማን እንደማይጠጣ አይለይም። የማይጠጣው እንግዳ ከማኅበሩ ሳይጎድል፣ ለምን አትጠጣም ተብሎ ሳይጠየቅ ያመሻል። ይህን ያሰበ ሰው ትልቅ ሰው ነው።

አሠራሩም አያስቸግርም። ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ አንድ እጅ ማር በአራት ወይም በአምስት እጅ ውሃ መበጥበጥ፣ ሰፈፉን በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል፣ ማቀዝቀዝና ያንኑ ቀን መጠጣት ነው። የሰነበተ እንደሆነ በራሱ መፍላት ይጀምራልና ብርዝነቱ ይቀራል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር አይሰጥም። የሙስሊሙ ቤት ሙያ የሆነው ቀሪቦም አለ። ገብሱ እስኪጠቁር ተቆልቶ ይፈላል፤ ሲቀዘቅዝ ስኳርና እርሾ ገብቶበት ያድራል፤ ከዚያ ይጠለላል። እርሾ ስላለበት ካደረ በኋላ ቢቆይ አልኮሉ ይጨምራል፤ ጨርሶ አልኮል የማይፈልግ ሰው ይህንን ይወቅ። በሁዳዴ፣ ፀሐዩ በሚበረታበት በመጋቢት፣ የተልባና የሱፍ ውሃ አለ። ገብስ ለሚያበቅለው ደጋ ደግሞ በሶ በጥብጦ ማር ጣል ማድረግ ከምሳ አይተናነስም።

ኋላ ጠርሙሱ መጣ። ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ውስጥ መመረት ጀመረና ለስላሳው ቀስ በቀስ ወደየክፍለ ሀገሩ ዘለቀ። ለደጋሹ መቼም እፎይታ ነው፤ ማር ማጥለል የለ፣ ገብስ መቁላት የለ። ነገር ግን ጠርሙሱ እንግዳውን ለየው። “የማይጠጡት በዚህ በኩል” ማለት ተጀመረ። ከዚያማ “አንድ ብቻ ቅመስ”፣ “ካልጠጣህ ተቀይመኸኛል ማለት ነው” ይከተላል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመጠጥ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲወጣ፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መሸጥም ተከልክሏል። ሠርግ ቤት ግን አዋጅ አይገባም። እዚያ የሚገዛው የደጋሹ ይሉኝታ ነው። ከድግሱ ወጥቶ መኪና የሚነዳ፣ መድኃኒት የጀመረ፣ ከሱስ ለመውጣት የሚታገል ሰው በዚያች “አንድ ብቻ” ስንት ነገር እንደሚያጣ እናውቃለን።

ማር ተወዷል ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። አንድ ኪሎ ማር ግን ሲበረዝ ከአራት ሊትር በላይ ይወጣዋል፤ ለቤተ ዘመድ የምትበቃ አንድ ማሰሮ መሥራት ደጋሹን አያደኸየውም። “ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ” ይባል የለ? የሚቀጥለውን ድግስ የምታስቡ ሁሉ ከጠጁ ጋን አጠገብ አንዲት የብርዝ ማሰሮ አስቀምጡ። መቅጃው አንድ ይሁን፣ ብርሌውም አንድ። ማን ከየትኛው እንደጠጣ የሚቆጥር ሰው ከጠፋ፣ ያን ጊዜ መበረዝ ስሙ ይመለስለታል።