«ረጋ»፦ ከወተት ዕቃ እስከ ሕግ መጽሐፍ



አማርኛ ስለ ቁጣ ሲናገር ብዙ ቃል የሚዋሰው ከእሳት ነው። «ንዴት» የወጣው ከ«ነደደ» ነው፤ የተቆጣ ሰው ጦፈ፣ ጨሰ፣ በገነ፣ ቆሽቱ አረረ ይባላል። ለዚህ ሁሉ መድኀኒቱ «ማብረድ» ቢሆን አያስደንቅም። ቃሉም የቆየ ነው። በግእዝ «በረድ» ከሰማይ የሚወርደው ነው፤ ዕብራይስጡም «ባራድ» ይለዋል፤ ዐረብኛም ቅዝቃዜን የሚጠራው በዚሁ ሥር ነው።

ዛሬ ልናገርለት የመጣሁት ግን ሌላው ቃል፣ «ረጋ» ነው። እርሱ ከእሳት ጋር ዝምድና የለውም። የግእዙ «ረግዐ» የፈሳሽን መጠንከርና መጽናት ይገልጻል፤ «እርጎ»ም በግእዝ «ርግዖ» ተብሎ የዚሁ ሥር ልጅ ነው። በመጽሐፈ ኢዮብ 10፥10 የሰው በማኅፀን መሠራት የተመሰለው በሚረጋ ወተት ነው። እንግዲህ የተቆጣ ወዳጃችንን «ረጋ በል» ስንለው፣ ልብ ሳንለው የወተት ዕቃ እየጠራን ነው።

ሥራውን ከእኔ ይልቅ የዳንግላና የባንጃ እናቶች ያውቁታል። ዕቃው በወይራ ይታጠናል፣ ወተቱ ይጨመርበታል፣ ከዚያ በኋላ የሚፈለገው ጊዜና አለመነካካት ነው። መናጡ የሚመጣው ከረጋ በኋላ ነው። «የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል» የሚለው ተረትም ቅደም ተከተሉን ጠብቆ ይናገራል።

ቅቤ ደግሞ ለአገው ምድር ተራ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1770 የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ወደዚህ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ አገዎች ከብት፣ ማርና ቅቤ እያመጡ ጎንደርን ይመግቡ እንደነበር ጽፏል። ቅቤው በረጅሙ መንገድ እንዳይቀልጥ መቅመቆ ይቀላቅሉበት እንደነበር እንኳ አልዘነጋም፤ የሥሩንም ስም ጆሮው እንደሰማው በላቲን ፊደል አስፍሮታል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ቃሉ ሕግ ቤት መግባቱ ነው። የሕግ ተማሪዎች «ይርጋ» የምትሉት፣ ክስ የማቅረቢያው ጊዜ ሲያልፍ የሚነሣው መቃወሚያ፣ «ነገሩ ይርጋ» ከማለት የመጣ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1845 ለውል ጉዳይ በመደበኛነት 10 ዓመት ሰጥቶታል። ሕጉ ከወተቱ የወሰደው ጊዜውን ነው። ባለጉዳዮቹ ሳይታረቁ፣ እንዲያውም ተቀያይመው እንዳሉ፣ ይርጋው ይሞላል። ፍርድ ቤት ፋይል መዝጋት አለበትና ይህን በጉድለት አልቆጥረውም፤ ነገር ግን የሰውየው ሆድ ከፋይሉ ጋር አይዘጋም።

የሽምግልናው ቀጠሮ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በአዊም እንደ ሌላው ጎጃም ሽማግሌ ተቀምጦ በአንድ ውሎ አይፈርድም፤ ለሳምንት፣ ለዐሥራ አምስት ቀን ይቀጥራል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በፈረስ ትርኢቱ አገር አወቀው እንጂ፣ አባላቱን በማስታረቅም የታወቀ ነው። ወጣቶች ቀጠሮ ማብዛትን «ማጓተት» ሲሉት እሰማለሁ። አልስማማም። በመጀመሪያው ቀን ይቅር ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ይቅር ያለው አፉ ብቻ ነው። ቀጠሮው ሳይናጥ የሚቆይበት ጊዜ ነው።

አሁን ወዳሳሰበኝ ነገር ልምጣ። «ረጋ» ባለቤቱ በራሱ የሚሆነው ግሥ ነው፤ «አረጋጋ» ግን ሌላው የሚያደርግለት፣ አንዳንዴም የሚያደርግበት ነው። ድሮ የምናረጋጋው የደነገጠ ልጅና የበረገገ ፈረስ ነበር። ዛሬ ገበያ እናረጋጋለን፣ አካባቢ እናረጋጋለን። በዚህ በእኛ ክልል ባለፉት ዓመታት «ተረጋግቷል» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ሰማን? ብዙውን ጊዜ ቃሉ የሚነግረን ተኩስ መቆሙን ነው። ተኩስ መቆም ትልቅ ነገር ነው፤ የሰው ነፍስ ያተርፋል፤ ግን ለእርሱ «በረደ» የሚል ትክክለኛ ቃል አለን። የበረደ ነገር ተመልሶ ሊግል ይችላል፤ የረጋ ወተት ግን ተመልሶ ጥሬ ወተት አይሆንም። ሁለቱን ቃላት አንድ ካደረግናቸው፣ ገና ቀጠሮ የሚያስፈልገውን ነገር አልቋል ብለን እንበተናለን፤ ሽማግሌ የሚላክበትም ቀን ያልፋል።

በአዊኛ ይኸው ሐሳብ በምን ቃል እንደሚነገር ከእናንተ ከባለቤቶቹ ብንሰማ ይሻላል። መድረኩ የእናንተ ነው።