መንታ መደቦች፦ የበቆሎ ልጣጭ ስለ ተዘዋዋሪ ዲኤንኤ የሰጠው ምስክርነት

የተዘዋዋሪ ዲኤንኤ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መንገድ ይተረካል፦ ባርባራ ማክሊንቶክ በ1951 (እ.ኤ.አ.) በኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ጉባኤ ጥናታቸውን አቀረቡ፤ ሰሚ አጡ፤ በ1983 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ይህን ትረካ ያጸናው ኢቭሊን ፎክስ ኬለር በዚያው በ1983 ያሳተሙት የሕይወት ታሪክ ነው። ናታኒየል ኮምፎርት በ2001 ባወጡት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ተቀባይነት ያጣው የዝውውሩ ግኝት ሳይሆን ተዘዋዋሪዎቹ የጂኖችን ሥራ ይቆጣጠራሉ የሚለው ንድፈ ሐሳብ ነው። በዚህ ከኮምፎርት ጋር ክርክር የለኝም።

ክርክሬ ዝውውሩ እንዴት እንደሚፈጸም ያሳየው ማስረጃ የሚገባውን ቦታ ባለማግኘቱ ላይ ነው። ማስረጃው የተገኘው በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ፣ በሮያል አሌክሳንደር ብሪንክ የበቆሎ ማሳ ነው። ብሪንክ ያጠኑት የፍሬውን ልጣጭ ቀይ የሚያደርገውን ፒ የተባለ ጂን ነበር። ሞዱሌተር ያሉት ተዘዋዋሪ በዚህ ጂን ውስጥ ሲቀመጥ ቀለሙ ይጠፋል፤ ለቅቆ ሲወጣ ቅላቱ ይመለሳል። ዥንጉርጉሩ ልጣጭ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ብሪንክና ኒላን በ1952 እንዳሳዩት፣ ቀይ ሰረዙ የሳሳው በቆሎ በሌላ ቦታ አንድ ተጨማሪ ሞዱሌተር ይዟል።

ዋናው ጽሑፍ ግን ግሪንብላትና ብሪንክ በ1962 ያወጡት ነው። በመካከለኛ ዥንጉርጉር የበቆሎ ራስ ላይ ሙሉ ቀይ መደብና ሰረዙ የሳሳ መደብ ጎን ለጎን፣ እንደ መንታ ተጣብቀው ይታያሉ። መንታነታቸው ከአንድ ሴል ክፍፍል መወለዳቸውን ይመሰክራል። ፒ ጂን ከተባዛ በኋላ ሞዱሌተሩ ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱን ብቻ ለቀቀ፤ ያ ቅጂ ቀዩን መደብ ወለደ። በሁለተኛው ቅጂ ላይ ያለው ሞዱሌተር ከቦታው ሳይነቃነቅ ቀረ፤ ይህን ቅጂ የወረሰው ሴል የተዘዋወረውንም ስለጨመረ ሰረዙ ሳሳ። ተዘዋዋሪው ገና ባልተባዛ ስፍራ ካረፈ ደግሞ ስፍራው ሲባዛ አብሮ ይባዛል፤ ሁለቱም መንታዎች ይወርሱታል። ተቆርጦ የሚወጣና ሌላ ቦታ የሚለጠፍ ዲኤንኤ በቁጥር እንዴት እንደሚበዛ በዚህ ተፈታ፤ ያውም አንድም ጂን ነጥሎ የማባዛት ዘዴ ባልነበረበት ዘመን!

ብሪንክ የማክሊንቶክን ግኝት ከማረጋገጥ አላለፉም የሚል ይኖራል። ሞዱሌተር ማክሊንቶክ አክቲቬተር ያሉት ተዘዋዋሪ መሆኑን ራሳቸው ብሪንክ ከባርክሌይ ጋር በ1954 አሳይተዋል፤ የመንታዎቹ ማስረጃ ግን የዊስኮንሲን ነው። በእርግጥ የበቆሎው ምስክርነት ለሁሉም ተዘዋዋሪ አይሠራም። ከሰው ጂኖም 17 በመቶ ገደማ የሚይዘው ላይን-1 የሚዘዋወረው በአርኤንኤ በኩል እየተቀዳ ነው፤ ዋናው ቅጂ ስፍራውን አይለቅም። ለአክቲቬተር ግን ነገሩ ግልጽ ነው። ቼን፣ ግሪንብላትና ዴላፖርታ በ1987 ዲኤንኤውን ራሱን መርምረው፣ ከፒ ጂን የወጣው አክቲቬተር ገና ባልተባዙ የክሮሞዞም ስፍራዎች ላይ እንደሚያርፍ አረጋግጠዋል።