«የለም» የተባለው ኮከብ

የጎንደር ሊቃውንት ሰማዩን በስም ያውቁት ነበር። ዐውደ ነገሥቱ ዐሥራ ሁለቱን የከዋክብት ማደሪያዎች ይዘረዝራል፤ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከአገራችን ይዞት የሄደው መጽሐፈ ሄኖክም የፀሐይን መውጫና መግቢያ ደጆች በቍጥር ያስረዳል። ትክል ድንጋይ ላይ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ቀና ላለ ሰው ገውዝ ዛሬም ይታያል። የዛሬው ነገሬ ግን በዚያው በገውዝ ውስጥ ስላለ፣ ዐይን ስለማያየው አንድ ኮከብ ነው።

ታሪኩ ከጎረቤታችን ከኬንያ ባሕር ይነሣል። ማሊንዲ አጠገብ ጣልያኖች ባሕር ላይ ካቆሙት የሳን ማርኮ መድረክ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም. የሰማይን ራጅ (ኤክስሬይ) የምትቃኝ የመጀመሪያዋ ሳተላይት መጠቀች። ዕለቱ የኬንያ የነጻነት በዓል ነበርና «ኡሁሩ»፣ ማለትም ነጻነት፣ ተባለች። በኅዳር 1965 ዓ.ም. ከዚያው መድረክ ሳስ-2 ጋማ ጨረር ፍለጋ ተከተለቻት። በሰባት ወር ዕድሜዋም በገውዝ አካባቢ አንድ ብርቱ የጋማ ምንጭ አየች፤ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ግን ጠፋ።

ጋማ ጨረር በመስተዋት አይሰበሰብም፤ ስለዚህ የመጣበት ቦታ በግምት ብቻ ይታወቃል። ግምቱ የሚያካልለው የሰማይ ክፍል ከሙሉ ጨረቃ ይሰፋ ነበር፤ በውስጡ ያለው ኮከብ ደግሞ ስፍር ቍጥር የለውም። የሚላኑ ጆቫኒ ቢኛሚና ባልደረቦቹ ምንጩን «ጌሚንጋ» አሉት። ሰሙ «የገውዝ ጋማ» ነው፤ ወርቁ በሚላን ቀበልኛ «የለም»።

ራጅ ግን እጅግ ባዘነበለ መስተዋት ላይ ሸርተት ብሎ ይሰበሰባልና ቦታውን አጥርቶ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1978 የመጠቀችው የአንስታይን ሳተላይት አካባቢውን ፈተሸች። በ1983 ቢኛሚ፣ ፓትሪሲያ ካራቬዮና ሪቻርድ ላምብ አንዲት የራጅ ነጥብ ለይተው አመለከቱ፤ ራጇ ብርቱ፣ ለዐይን የሚሆነው ብርሃኗ ግን የሌለ ያህል ነበር። ያም ሆኖ ጥርጣሬ እንጂ ማረጋገጫ አልነበረም። በ1992 ጁልስ ሃልፐርንና ስቲቨን ሆልት በሮሳት ሳተላይት ራጇ በየ0.237 ሰከንዱ እንደ ልብ ስትመታ አገኙ። የኮምፕተን የጋማ ሳተላይትም ያንኑ ትርታ መዘገበ።

የሚደንቀው ከዚህ በኋላ ነው። የሳስ-2 አሮጌ መዝገብ ዳግም ሲመረመር ትርታው እዚያው ተገኘ። ሃያ ዓመት ሙሉ በሰው እጅ ኖሯል፤ ነገር ግን የተለቀሙት የብርሃን ቅንጣቶች ጥቂት ነበሩና ምቱን አስቀድሞ ያላወቀ ሊለየው አልቻለም።

ጌሚንጋ በሰከንድ ከአራት ጊዜ በላይ የሚሽከረከር የኒውትሮን ኮከብ ነው፤ ከእኛ የሚርቀውም 800 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የፈርሚ ሳተላይት መዝገብ ከ5,000 በላይ የጋማ ምንጮችን ቈጥሯል፤ ከእነዚህ ከ1,300 የሚበልጡት ማንነታቸው አልታወቀም ነበር። «የለም» ብሎ መዝገብ መዝጋት ቀላል ነው። ቢኛሚና ጓደኞቹ ግን «የለም» የሚል ስም ሰጥተውት እንኳ መፈለጋቸውን አልተዉም።