ከሳላህ እስከ ሚና፦ በእስራኤል ሲኒማ ካሜራውን የያዘው ማን ነው?

በውጭ አገር አንድ ዩኒቨርሲቲ የዘመናዊ የእስራኤል ሲኒማ ፌስቲቫል ሲያዘጋጅ ምን እንደሚያሳይ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ጦርነት ነው። «ቦፎር» (2007)፣ «ዋልዝ ከባሽር ጋር» (2008)፣ «ሊባኖስ» (2009)። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያንብቡልኝ። ሦስቱም ፊልሞች እስራኤል በ1982 ሊባኖስ ገብታ እስከ 2000 ስለ ቆየችበት ጊዜ የሚናገሩ ሲሆኑ፣ ሦስቱም አዘጋጆች በዚያው በሊባኖስ ወታደር የነበሩ ናቸው። የመጀመሪያው በበርሊን፣ የመጨረሻው በቬኒስ ተሸልመዋል። የሚናቁ ሥራዎች አይደሉም፤ በተለይ «ሊባኖስ» ተመልካቹን ከታንክ ሆድ ውስጥ ዘግቶ የውጭውን ዓለም በማነጣጠሪያው መስተዋት ብቻ ሲያሳየው ትንፋሽ ያሳጥራል። ነገር ግን አንድን ኅብረተሰብ በምሽጉ ብቻ ማወቅ ይቻላል ወይ? እኔ ሦስት ምሽት ቢሰጡኝ ሌላ መንገድ እይዛለሁ። መነሻዬም 1964 ነው።

በዚያ ዓመት «ሳላህ ሻባቲ» የተባለ ኮሜዲ ወጣ። ሳላህ ከየት እንደ መጣ በውል ያልተነገረ የምሥራቅ አይሁዳዊ ነው። ቤተሰቡን አግተልትሎ ከአውሮፕላን ይወርድና «ማዓባራ» በሚባለው መሸጋገሪያ ሰፈር፣ በቆርቆሮ ቤት ይጣላል። ሥራ አይወድም፤ ሲጫወት ይውላል፤ ግን ሞኝ አይደለም። ባለሥልጣኖቹ ሕዝቡ ከሚጠይቀው ተቃራኒውን እንደሚያደርጉ ሲገባው «አዲስ ቤት አንፈልግም!» ብሎ ሰልፍ ይወጣል፤ ቤቱንም ያገኛል። አንዱ ትዕይንት ደግሞ እንዲህ ነው፦ ሳላህ ችግኝ ሲተክል አንድ የውጭ ለጋስ ይመጣል፤ በስሙ የተተከለውን ምልክት ዓይቶ ይደሰትና ይሄዳል። ወዲያው ምልክቱ ተነቅሎ በዚያው ቦታ የሌላ ለጋስ ስም ይቆማል። የእርዳታን ነገር የምናውቅ እኛ ይህን ዓይተን ካልሳቅን ማን ይስቃል?

ፊልሙን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው አየው፤ ያኔ የአገሩ ሕዝብ ገና ሁለት ሚሊዮን ተኩል ያህል ነበር። ለኦስካርም ታጨ። ታዲያ ልብ ማለት የሚገባው እዚህ ላይ ነው፦ ሳላህን የጻፈውና ያዘጋጀው ኤፍሬም ኪሾን በቡዳፔስት የተወለደ ሰው ነው፤ ሳላህን ሆኖ የተጫወተው ቶፖልም ቤተሰቡ ከአውሮፓ የመጣ የቴል አቪቭ ልጅ ነው። ኪሾን ራሱ በ1949 ስደተኛ ሆኖ ስለ ገባ የመሸጋገሪያውን ሰፈር ኑሮ ያውቀዋል፤ ይህ ሊካድበት አይገባም። ቢሆንም ከሞሮኮ፣ ከየመንና ከኢራቅ የመጣው ሕዝብ በመጋረጃው ላይ የታየው ሌላው በሳለው መልክ ነበር። ከዚያ በኋላ የተከተሉትን ርካሽ ኮሜዲዎች «ቡሬካስ» አሏቸው። ቡሬካስ የእኛን ሳምቡሳ የሚመስል ከመንገድ ዳር የሚገዛ ምግብ ነው። ስያሜው ራሱ ንቀቱን ይናገራል። ደግሞ አዳራሹን የሚሞላው እነዚያው የተናቁት ነበሩ።

ከዚህ እስከ 2000 ያለውን በፍጥነት ላልፈው ነው። በ1979 የፊልም ፈንድ ተቋቋመ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000 መባቻ ደግሞ ለሲኒማ ቋሚ ገንዘብ የሚያስገኝ ሕግ ወጣ። ከላይ የጠቀስኳቸው ተሸላሚዎች ያለዚህ ገንዘብ ይታሰባሉ ብዬ አላምንም። ከሕጉ በኋላ ካሜራው ቀድሞ ባልደረሰበት እጅ መግባት ጀመረ፤ የእኛም ሰዎች የሚመጡት እዚህ ጋ ነው።

ቤተ እስራኤል በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሆነው ተጓዙ። በመጀመሪያ ታሪካቸውን የነገረላቸው እንደ ሳላህ ዘመን ሌላ ሰው ነበር፤ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» (2005) የተሰኘውን ያዘጋጀው በሮማኒያ የተወለደ ፈረንሳዊ ነው። ከልብ የተሠራ ፊልም ነው፤ እኔንም አስለቅሶኛል። ግን በ2008 ሽሙኤል ቤሩ «ዘሩባቤል»ን ይዞ መጣ። አያትየው መንገድ ጠራጊ፣ የልጅ ልጁ ካሜራ ተሸክሞ ሰፈሩን የሚቀርጽ። ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረዳት ያስፈልጋል?

በ2014 ደግሞ ባዚ ጌቴ «ቀይ ቅጠሎች»ን ሠራ። ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ቤቱን ሸጦ በየልጆቹ ደጃፍ ይዞራል፤ አባት እንደ ቀድሞው ይከበራል ብሎ። መነሻው የሼክስፒር ሊር ነው። ሽማግሌውን ሆነው የተጫወቱት የኛው ጋሽ ደበበ እሸቱ ናቸው! ጓደኞቼ ዶርም ውስጥ በአንድ ላፕቶፕ ተጠጋግተን ስናይ «እንዴ፣ ጋሽ ደበበ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ግን ዝም አልን፤ ምክንያቱም ያ ቁጣና ያ ኩራት የየአንዳንዳችን አያት ነበር።

የሦስተኛው ምሽት ፊልሜ «የበለስ ዛፍ» (2018) ነው። በለስ ሲባል የቁልቋሉን እንዳታስቡ። አዘጋጇ ዓለምወርቅ ዴቪድያን አዲስ አበባ ተወልዳ በአሥራ አንድ ዓመቷ የሄደች ናት። ጊዜው 1989 ነው፤ በእኛ 1981፣ የአፈሳ ዘመን። አይሁዳዊቷ ሚና ከቤተሰቧ ጋር ወደ እስራኤል የምትወጣበትን ቀን ትጠብቃለች፤ የምትወደው ልጅ ኤሊ ግን ክርስቲያን ነው፤ ወታደር ሆኖ እንዳይወሰድ ተደብቆ ይኖራል። እሷ መውጫ አላት፤ እሱ የለውም። ያን ዘመን እኛም አገር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ በ«ጤዛ» ነግሮናል፤ ሆኖም አፈሳን በአንዲት ልጃገረድ ዓይን ያየሁት በዚህ የእስራኤል ፊልም ነው። ይህ አንዳንዱን ያስቀይመው ይሆናል፤ እኔን ግን አስቀናኝ።

ፊልሙ የሚናገረው አማርኛ ነው። ቴል አቪቭ ሲታይ፣ የሳላህ የልጅ ልጆችም የኪሾን የልጅ ልጆችም እኩል አንገታቸውን አስግገው ከግርጌው የዕብራይስጥ ጽሑፍ ያነባሉ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠች አንዲት የጎንደር እናት ግን ምንም ማንበብ አያስፈልጋትም።