የቪዲዮ ኮምፕሬሽን እና የማጫወቻዎች ተስማሚነት

የቪዲዮ ኮምፕሬሽን ዓይን ብዙም ሳያስተውለው የተንቀሳቃሽ ምስልን መጠን የሚያሳንስ የስሌት ዘዴ ነው። ምስሉን የሚያምቀውና የታመቀውን የሚፈታው ስሌት ኮዴክ ይባላል፤ ይህ ስሌት በተመልካቹ ስልክ፣ ቴሌቪዥን ወይም ኮምፒውተር ላይ ከሌለ የቱንም ያህል ጥራት ያለው ፋይል ከጥቁር ስክሪን አይለይም። በኢንተርኔት የሚታይ ቪዲዮ ታሪክ የእነዚህ የሁለቱ፣ የኮምፕሬሽንና የተስማሚነት፣ ግብግብ ነው ማለት ይቻላል። አዲስ ኮዴክ በወጣ ቁጥር ዳታ ይቆጥባል፤ አዲስ በመሆኑ ደግሞ የሚከፍተው መሣሪያ ያንሳል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምስል እንዴት ይታመቃል

ፉል ኤችዲ የሚባለው ምስል በአግድም 1920፣ በቁመት 1080 ነጥቦች አሉት፤ ሲባዛ 2,073,600 ፒክስል ይሆናል። እያንዳንዱ ፒክስል በ24 ቢት ቢጻፍና በሴኮንድ 30 ፍሬም ቢያልፍ፣ አንድ ሴኮንዱ 1.49 ቢሊዮን ቢት ገደማ፣ አንድ ሰዓቱ ደግሞ 672 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። ያው አንድ ሰዓት በሴኮንድ 5 ሜጋቢት ሆኖ ታምቆ ሲላክ 2.25 ጊጋባይት ነው፤ ከ300 እጅ አንዱ ያህል ብቻ ቀረ ማለት ነው።

ቅነሳው የሚጀምረው ከዓይናችን ድክመት ነው። ሰው ከቀለም ይልቅ ብርሃንና ጥላን አጥርቶ ያያል፤ ስለዚህ አራት ጎረቤት ፒክስሎች አንድ የቀለም መረጃ እንዲጋሩ ይደረጋል፣ የብርሃናቸው መጠን ግን ለየራሳቸው ይጻፋል። በዚህ ብቻ የመረጃው ግማሽ ይወድቃል። ከዚያ ኢንኮደሩ፣ ማለትም የሚያምቀው ፕሮግራም ወይም ቺፕ፣ ተከታታይ ፍሬሞችን ያስተያያል። ዜና አንባቢዋ ስትናገር ከጀርባዋ ያለው ግድግዳ አይለወጥም፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ ፍሬም ይላክና ለተከታዮቹ የሚላከው ልዩነቱ፣ እንዲሁም የትኛው ቁራጭ ከየት ወዴት እንደተንቀሳቀሰ የሚገልጽ መመሪያ ይሆናል። ሙሉው አይ-ፍሬም፣ ካለፈው የሚተነበየው ፒ-ፍሬም፣ ካለፈውም ከሚመጣውም የሚተነበየው ቢ-ፍሬም ይባላል።

የተረፈው ልዩነት በትንንሽ ካሬዎች ተከፍሎ ወደ ድግግሞሽ መጠን ይለወጣል። የዚህ ስሌት መሠረት ዲስክሪት ኮሳይን ትራንስፎርም ሲሆን፣ ትውልደ ሕንዱ አሜሪካዊ መሐንዲስ ናሲር አሕመድ በ1972 ሐሳቡን አቅርቦ በ1974 ከናታራጃን እና ከራኦ ጋር አሳትሞታል። ጄፔግ ፎቶም ሆነ አብዛኛው የቪዲዮ ኮዴክ ዛሬም የሚሠራው በዚሁ ስሌት ወይም በቅርብ ዘመዶቹ ነው። እስከዚህ ድረስ ከቀለሙ በቀር ብዙ የጠፋ ነገር የለም። ዋናው ኪሳራ የሚመጣው ቀጥሎ ነው፤ ቁጥሮቹ ይጠጋጋሉ፣ ጥቃቅኖቹ ዜሮ ይሆናሉ፣ ዜሮ የሆነው ደግሞ ተመልሶ አይገኝም። ማጠጋጋቱ በበረታ ቁጥር ፋይሉ ያንሳል፣ ምስሉም ይጎዳል።

ጥራት የት ይጠፋል

ጉዳቱ በሁሉም ምስል ላይ እኩል አይታይም። ከስቱዲዮ የሚተላለፍ ውይይት በሴኮንድ 1 ሜጋቢትም ቢሆን ይታያል። የጥምቀትን በዓል ከጃንሜዳ በቀጥታ ማስተላለፍ ግን ሌላ ነገር ነው። የሚረጨው ውኃ በየፍሬሙ አዲስ ነው፤ ከዚህ በፊት የነበረ ጠብታ ተመልሶ ስለማይመጣ የሚተነበይ ነገር የለም። ሕዝቡ ይንቀሳቀሳል፣ የጥላዎቹ ጌጥ ያብለጨልጫል፣ የነጠላው ጥለት ከአንድ ፒክስል በሚቀጥኑ መስመሮች የተሞላ ነው። የቀጥታ ስርጭት ኢንኮደር ደግሞ ቆም ብሎ የሚያስብበት ጊዜ የለውም። ውጤቱን ሁሉም ያውቀዋል፦ ውኃው ሲረጭ ምስሉ በካሬ ካሬ ይሰባበራል፣ ጥለቱም ወደ ደበዘዘ ጭረት ይለወጣል። ብዙ ተመልካች በዚህ ጊዜ ካሜራውን ይወቅሳል፤ ካሜራው ግን ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ነው።

ሌላው ተጎጂ ጽሑፍ ነው። የግዕዝ ፊደል ሆሄያቱን የሚለየው በጥቃቅን ቅጥያ ነው፤ ሉ እና ሊ የሚለያዩት ጭረቷ ከወገብ በመቀጠሏ ወይም ከእግር በመቀጠሏ ብቻ ነው። በዝቅተኛ ቢትሬት፣ ማለትም በሴኮንድ በጥቂት ቢት፣ በሚላክ 360 መስመር ምስል ላይ በትንሹ የተጻፈ የአማርኛ ትርጉም ይህችን ጭረት ያጣል። በሰማያዊ ላይ የተጻፈ ቀይ ጽሑፍ ደግሞ የቀለም መረጃው አስቀድሞ ስለተቀነሰ ጠርዙ ይፈስሳል። ነጭ ፊደል በጥቁር ጠርዝ፣ ያውም ተለቅ ተደርጎ የሚጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጥራትን በቁጥር ለመለካት ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ፒኤስኤንአር የሚባለው መለኪያ ነው፤ ከዋናው ምስል የተለየውን በፒክስል ይቆጥራል፣ ሰው ምን እንደሚያይ ግን አያውቅም። በ2004 የታተመው ኤስኤስአይኤም የምስሉን ቅርጽና መዋቅር በማነጻጸር ወደ ዓይን ፍርድ ተጠጋ። ኔትፍሊክስ በ2016 ለሕዝብ የለቀቀው ቪማፍ ደግሞ የብዙ መለኪያዎችን ውጤት፣ ሰዎች ከሰጡት ነጥብ በተማረ ሞዴል አጣምሮ ከ0 እስከ 100 ይሰጣል።

የኮዴኮች ትውልድ

ለኢትዮጵያ ተመልካች የመጀመሪያው ዲጂታል ቪዲዮ ለብዙዎች ቪሲዲ ነበር። የአማርኛ ፊልም በሁለት ዲስክ ተከፍሎ ይሸጥ የነበረበት ምክንያት ቴክኒካዊ ነው፤ ቪሲዲ በኤምፔግ-1 ኮዴክ የሚሠራ ሲሆን 352 በ288 ፒክስል ምስል በሴኮንድ 1.15 ሜጋቢት ይይዛል፣ አንድ ሲዲ ላይ የሚገባውም 74 ደቂቃ ያህል ነው። ዛሬ በዚያው ቢትሬት ከቪሲዲ በጣም የተሻለ ምስል ይላካል፤ ልዩነቱን ያመጣው ኮዴኩ ነው።

በ2003 የጸደቀው ኤች.264 የዘመኑ መለያ ሆነ። ከእርሱ በፊት ከነበረው ኤምፔግ-2 ጋር ተመሳሳይ ጥራት በግማሽ ቢትሬት ገደማ የሚሰጥ ከመሆኑም በላይ፣ ከስልክ እስከ ሪሲቨር በየመሣሪያው ቺፕ ውስጥ ገባ። ተተኪው ኤች.265 በ2013 ሲመጣ እንደገና ግማሹን እንደሚቆጥብ ተነገረለት፤ ተስፋውም በአብዛኛው እውነት ነበር። ያሰናከለው የፈቃድ ክፍያ ነው። የፓተንት ባለቤቶቹ በአንድ ጥላ ሥር ስላልተሰባሰቡ ለማን ስንት እንደሚከፈል ማወቅ ራሱ ችግር ሆነ፤ ብዙ የብራውዘር ሠሪዎችም ለዓመታት ሸሹት።

ጉግል በ2013 ቪፒ9ን ያለ ክፍያ ለቀቀ። በ2015 ደግሞ ጉግል፣ ኔትፍሊክስ፣ አማዞን፣ ማይክሮሶፍት፣ ሞዚላ፣ ሲስኮና ኢንቴል ተባብረው ማኅበር አቋቋሙ፤ ሥራቸው ኤቪ1 በ2018 ወጣ። የአፕል ታሪክ እዚህ ላይ አስተማሪ ነው። አፕል ቲቪ 4ኬ የተባለው ሣጥን በ2017 ገበያ ቢወጣም ቪፒ9ን ስለማይፈታ የዩቲዩብን 4ኬ ቪዲዮ ማሳየት የቻለው በ2020 ነው። ስሙ 4ኬ፣ ስክሪኑ 4ኬ፣ ቪዲዮው 4ኬ፤ መሐል ላይ ያለው ኮዴክ ግን የለም።

ማጫወቻዎችና ኮንቴይነሮች

የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ የሚታየው ኤምፒ4 ወይም ኤምኬቪ ኮዴክ አይደለም። እነዚህ ምስሉን፣ ድምፁንና የግርጌ ጽሑፉን አንድ ላይ የሚይዙ ኮንቴይነሮች ናቸው። ፊልም በፍላሽ አምጥቶ ቴሌቪዥን ላይ የሰካ ሰው የሚገጥመው ችግር ከዚሁ ይመነጫል። ቴሌቪዥኑ ኤምኬቪን ይከፍታል፣ ውስጡ ያለውን ምስልም ይፈታል፤ ድምፁ ግን በዲቲኤስ የታመቀ ከሆነና አምራቹ ለዲቲኤስ ፈቃድ ካልከፈለ ምስል አለ፣ ድምፅ የለም። በተቃራኒው ደግሞ በ10 ቢት የታመቀ የኤች.264 ፋይል ድምፁ ብቻ ይሰማል፤ አብዛኛው ቺፕ የሚያውቀው የኤች.264 ዓይነት ባለ 8 ቢቱን ነውና።

በእንዲህ ዓይነት ጊዜ የሚጠራው ቪኤልሲ የተባለው ማጫወቻ ነው። በ1996 በፓሪስ ኤኮል ሳንትራል ተማሪዎች የተጀመረው ፕሮጀክት በ2001 በነጻ ፈቃድ ተለቀቀ። ኮዴኮቹን ይዞ ስለሚመጣ በመሣሪያው ላይ ምን ተጫነ ምን አልተጫነ አያስጨንቀውም። አብዛኞቹን ኮዴኮች የሚያገኘው ፋብሪስ ቤላር በ2000 ከጀመረው ኤፍኤፍኤምፔግ ከሚባለው የሶፍትዌር ስብስብ ነው። ሆኖም ቺፑ የማያውቀውን ኮዴክ በሶፍትዌር መፍታት ዋጋ አለው፤ ስልኩ ይሞቃል፣ ባትሪው ይወርዳል፣ አቅም ካነሰው ምስሉ ይንቀረፈፋል።

የግርጌ ጽሑፍም የራሱ ጣጣ አለው። ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ የትርጉም ፋይል ዛሬ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ይደረድራል። በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፎንት ከሌለው ባዶ ካሬ ብቻ ያሳያል። ትርጉሙን ምስሉ ላይ አትሞ ማመቅ የተለመደው መፍትሔ ነው፤ ተመልካቹ ሊያጠፋው ወይም በሌላ ቋንቋ ሊቀይረው ግን አይችልም።

በስርጭት ላይ

ድሮ የዌብ ቪዲዮ በፍላሽ ፕሌየር ይጫወት ነበር። በ2007 የወጣው አይፎን ፍላሽን አልቀበልም አለ፤ አዶቢም በ2020 መጨረሻ ድጋፉን አቆመ። ቦታውን የያዙት አፕል በ2009 ያቀረበው ኤችኤልኤስ እና በ2012 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የታተመው ዳሽ ናቸው። ሁለቱም ቪዲዮውን በጥቂት ሴኮንዶች ይቆራርጡና እያንዳንዱን ቁራጭ በተለያየ ቢትሬት አዘጋጅተው ያስቀምጣሉ። ማጫወቻው የኔትወርኩን ፍጥነት እየለካ የሚችለውን ይመርጣል። ምስሉ መሐል ላይ ድንገት ደብዝዞ ተመልሶ የሚጠራው ለዚህ ነው፤ ቆሞ ከሚሽከረከር ይሻላል።

ኔትፍሊክስ ቀድሞ ለሁሉም ፊልም አንድ የቢትሬት መሰላል ነበረው፤ ከታች በሴኮንድ 235 ኪሎቢት፣ ከላይ 5,800 ኪሎቢት። በሰዓት ሲሰላ ከ106 ሜጋባይት እስከ 2.6 ጊጋባይት መሆኑ ነው። በ2015 ለእያንዳንዱ ፊልም የየራሱን መሰላል መሥራት ጀመረ፤ የካርቱን ፊልም የጦርነት ፊልም የሚፈልገውን ያህል ዳታ አይፈልግምና። በዳታ ፓኬጅ ለሚጠቀም ተመልካች ይህ ቁጠባ ከማንኛውም የጥራት ክርክር ይበልጣል።

ያም ሆኖ ኤች.264 ዛሬም ከገበያ አልወጣም። ትልልቆቹ ድርጅቶች አንዱን ቪዲዮ በኤቪ1ም፣ በቪፒ9ም፣ በኤች.264ም አዘጋጅተው ማጫወቻው የሚችለውን እንዲመርጥ ማድረግ ይችላሉ። አቅሙ ለሌለው፣ አንድ ፋይል ብቻ ለሚያዘጋጅ ሰው ምርጫው ኤች.264 ምስል፣ ኤኤሲ ድምፅና ኤምፒ4 ኮንቴይነር ነው፤ ከአሮጌ ስልክ እስከ አዲስ ቴሌቪዥን የማይከፍተው ማግኘት ይከብዳል። የፋይሉ ማውጫ መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ መቀመጡንም ያረጋግጥ፤ አለበለዚያ ብዙ ማጫወቻ ሙሉው ፋይል ሳይወርድ አይጀምርም።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጎዳል፦ የታመቀን መልሶ ማመቅ። ቴሌግራም ላይ እንደ ቪዲዮ የተላከ ክሊፕ ሲላክ ይታመቃል፤ ወርዶ፣ ተቆርጦ ሌላ ቦታ ሲጫን እንደገና ይታመቃል። በየደረጃው የጠፋው አይመለስም። ዋናውን ቅጂ ለሰው የሚልክ እንደ ፋይል ይላክ፤ ዩቲዩብ ላይ የሚጭንም ከካሜራው ወይም ከኤዲቲንግ የወጣውን ከፍተኛ ጥራት ይጫን፣ ማሳነሱን ዩቲዩብ ራሱ ይሠራዋል።