አራቱ የብረት ሴቶችና የአዳማ ቦኖ

ተረት ተረት! የላም በረት በሉኝ እንጂ። የዛሬው ግን የሆነ ነገር ነው።

ፓሪስ ውስጥ ሪቻርድ ዋላስ የሚባል እንግሊዛዊ ባለጸጋ ነበረ። ከተማዋ ከፕሩሲያ ጦር ከበባ ገና መውጣቷ ነው፤ ንጹሕ ውሃ ተወዷል። ዋላስ በ1872 እ.ኤ.አ. በገዛ ገንዘቡ ብረት አስቀልጦ የመጠጥ ውሃ ምንጭ በየአደባባዩ አቆመ። ቅርጹን ያወጣለት ሻርል ለቡር ነው፦ አራት ሴቶች ጉልላት በራሳቸው ተሸክመው፣ በመካከላቸው ቀጭን ውሃ ይወርዳል። አንዷ ደግነት፣ አንዷ የዋህነት፣ አንዷ ልግስና፣ አንዷ ልከኝነት ናት ይላሉ። ኩባያዋ በሰንሰለት ታስራ ነበር፤ መንገደኛው ሁሉ በዚያችው ነበር የሚጠጣው! እስከ 1952 እ.ኤ.አ. ድረስ ቆይታ፣ ለጤና አይበጅም ተብላ ተነሣች።

እኛ ዘንድ ሴቷ የምትሸከመው በጀርባዋ ነው። የአዳማ ቦኖ ደግሞ ጉልላት አያውቅም፤ ሲሚንቶ፣ ቧንቧ፣ የቢጫ ጀሪካን ሰልፍ፣ በቃ። ማማሩን ተዉት። እዚህ ስምጥ ሸለቆ ጥያቄው ውሃው ውስጥ ምን አለ ነው።

ከመሬት ሥር ያለው ውሃ በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። ሲቀዳ ኩልል ያለ ነው፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር እንዳይበልጥ ይላል፤ የሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ይህን ያልፋሉ። ፍሎራይዱ ጥርስን ገና ሲበቅል ነው የሚይዘው፤ ቡናማ ያደርገዋል፣ በኋላ አይለቅም። ብዙ ዓመት ሲጠጣ ደግሞ አጥንት ይገባል፤ አንገት ይገትራል፣ ወገብ ያጎብጣል።

የወንጂን ታውቁ የለ? ሆላንዶች የስኳር ፋብሪካውን በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲያስጀምሩ፣ ከሩቅ አገር ሠራተኛ ጎረፈ። የሸንኮራ ሠራተኛው የጉድጓድ ውሃ ጠጣ፤ ልጆቹ በዚያው አደጉ። ኋላ ማጣሪያ ተተከለ፤ የቀደመው ጥርስ ግን አልነጣም። ሲስቅ አፉን በእጁ የሚከልል ሰው ካያችሁ፣ ይሉኝታ ነው ብላችሁ አትለፉት።

አዳማ ዛሬ የምትጠጣው ከአዋሽ ተስቦ የተጣራውን ነው። ቦኖው ጋ ጀሪካኗ የሞላላት ሴት ገመዱን ትከሻዋ ላይ አሳልፋ ቁጢጥ ብላለች። የፓሪሶቹ አራቱ እንደቆሙ ናቸው፤ እሷ ግን ዞራ ከኋላዋ ያለችውን፣ «እስቲ እህቴ፣ አሸክሚኝ» ትላለች።