ከሰርኪስ ባቡር እስከ ሮቦት መንጋ

አራዳ ማሽንን ያወቀው በትልቅነቱና በብቸኝነቱ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አስመጣ፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ፊልም የሚታይበት ቤት ሲከፈት ደግሞ «ሰይጣን ቤት» ተባለ። ስም በማውጣት አራዳን የሚያህል የለም። የሁለቱ ታሪክ ግን አንድ ዓይነት ነው፦ ከውጭ አንድ ተአምር ይመጣል፣ ከተማው ጉድ ይላል፣ ስም ይወጣለታል።

ልማዱ ከመቶ ዓመት በኋላም አልለቀቀም። በ2010 ዓ.ም. ሶፊያ የተባለችው ሮቦት አዲስ አበባ ገባች። ከሶፍትዌሯ የተወሰነው እዚሁ በአይኮግ ላብስ ወጣቶች መሠራቱ የሚያኮራ ነበር። ከአካሏ የተወሰነውን የያዘ ሻንጣ ፍራንክፈርት ላይ ጠፍቶባት መምጣቷም ለሳቅ ሆነ። ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ተገናኘች፣ ፎቶ ተነሣች፣ ሄደች።

ሶፊያ ከመምጣቷ ከአንድ ዓመት በፊት፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት፣ ቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ኤክስካቫተር ነበር። ያልነበረው ከክምሩ ሥር ማን የት እንዳለ የሚናገር ነገር ነው። ፍለጋው ለቀናት ቀጠለ፤ የሚወጣው ግን አስከሬን ነበር።

የጎፋው ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ገዜ ጎፋ ወረዳ ውስጥ በዝናብ የራሰ ኮረብታ ተንዶ ጥቂት ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት ዶማና አካፋ ይዞ፣ የሌለውም በባዶ እጁ ሊቆፍር ደረሰ። ቁፋሮው ላይ እያሉ ኮረብታው እንደገና ተናደና ሊያድኑ የመጡትን ዋጣቸው። ከ220 በላይ ሰው አለቀ። ብዙዎቹ የሞቱት ሌላውን ሊያተርፉ ሲሉ ነው። በዚህች አገር ነፍስ አድን ማለት ዛሬም በአብዛኛው ጎረቤት ማለት ነው፤ ጎረቤትም ሥጋ ለባሽ ነው።

በሌላው ዓለም ሮቦት ለፍለጋ የወጣበት ቀን ለእኛ እንቁጣጣሽ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. የኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ሲፈርሱ አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሮቢን መርፊና ባልደረቦቿ ትንንሽ ባለ ሰንሰለት ሮቦቶች ይዘው ደረሱ። በሕይወት ያለ ሰው አላገኙም። ነገር ግን ሰውም ውሻም የማይገባበት ስንጥቅ ውስጥ ገብተው ማየት እንደሚቻል አሳዩ። ችግሩ እያንዳንዱ ሮቦት የሚነዳው ሰው መፈለጉና አንዱ ሲቀረቀር ሥራው አብሮት መቀርቀሩ ነው።

መንጋ የሚለው ሐሳብ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቃሉ በፖለቲካችን ስሙ የጠፋ ነው፤ በምህንድስና ግን የተከበረ ነው። በ2006 ዓ.ም. የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 1,024 ሮቦቶችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ለቀቁ። የአንዱ ስፋት 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የዕቃው ዋጋ 14 ዶላር ገደማ ነበር። አለቃ የላቸውም። እያንዳንዱ የሚያወራው አጠገቡ ካሉት ጋር ብቻ ነው፤ ሆኖም ተጠጋግተው የኮከብ ቅርጽ ሠሩ። ብዙ ሰዓት ፈጅቶባቸዋል፣ የተበላሹም ነበሩ፤ ሥራው ግን አልቆመም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያሉት አባቶች ይህን ለማስረዳት ሥዕል አያስፈልጋቸውም ነበር።

እርግጥ ነው፣ ለስላሳ ጠረጴዛ የጎፋ ጭቃ አይደለም። እርጥብ አፈር የሬዲዮ ሞገድን ያፍናል፣ ጂፒኤስ ከመሬት ሥር አይሠራም፣ የጣት ርዝመት ያለው ሮቦት ጭቃ አይቆፍርም። ነገር ግን ጎፋ ላይ ያን ያህል ሰው የፈጀው ሁለተኛው ናዳ ነው። ርካሽ የዘንበልታ መለኪያ የያዙ ሃምሳ ትንንሽ መሣሪያዎች ከቆፋሪዎቹ በላይ ባለው ተዳፋት ቢበተኑና መሬቱ ሲንቀሳቀስ እርስ በርስ ተነጋግረው ቢጮሁ፣ ቆፋሪው ለመሮጥ ጥቂት ደቂቃ ሊያገኝ ይችል ነበር። መራመድ እንኳ አያስፈልጋቸውም። የመንጋው ቁም ነገር መነጋገሩ ነው።

ይህ ከተማሪ አቅም በላይ አይደለም። ጋናዊቷ አዮርኮር ኮርሳ በመሥራችነት የተሳተፈችበት የአፍሪካ ሮቦቲክስ መረብ በ2004 ዓ.ም. የ10 ዶላር ሮቦት ውድድር ሲያወጣ፣ ካሸነፉት አንዱ የተሠራው ከጌም መቆጣጠሪያ ነበር፤ ሚዛኑን የሚጠብቁለት ሁለት ከረሜላዎች ናቸው። በ1945 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገሪቱ የመጀመሪያ የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ ወራሽ የሚገኘው እዚሁ አራዳ ክፍለ ከተማ፣ አምስት ኪሎ ነው። ከበሩ እስከ ፒያሳ በእግር ይኬዳል።

ፒያሳ ላይ ደግሞ ሥራው ቀርቧል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ጃዝአምባ አብሮ ወደመ። በ2016 ዓ.ም. አሮጌዎቹ ቤቶች ፈረሱ፤ በዙሪያው የሚነሡት ረጃጅም ሕንፃዎች ናቸው። በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. የፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ፎቅ ላይ የሚኖረው ሰው በሌሊት ደረጃ ወረደ። ያኔ አንድ ፎቅ ቢደረመስ ኖሮ ፍርስራሹ ሥር ማን በሕይወት እንዳለ የሚጠየቀው፣ እንደ ቆሼው ሁሉ፣ ከላይ ቆሞ የሚጣራው ዘመድ ነበር።